ለትንሿ መርከብ የሚሆን ብረት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ከባዶ ስለሚሠሩ የእንጨት መርከብ ሞዴሎች፣ ማለትም ኪት (ተቆርጦ የተዘጋጀ መገጣጠሚያ) ሳይገዛ ከጣውላ ተነስቶ ስለሚሠራው ከጻፍኩ በኋላ የመጣልኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ እንጨቱ ሳይሆን ስለ ብረቱ ነው። በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም ሰው እንጨቱን አሳምሮ ጨርሶ ብረቱ ላይ ሲደርስ ነው ተስፋ ቆርጦ መርከቧን ቁም ሳጥን ላይ የሚያስቀምጣት። ዛሬ ስድስቱን እመልሳለሁ፣ የመጀመሪያው ይረዝማል፣ የሌሎቹም ችግር ሥሩ እዛ ጋ ስለሆነ ታግሳችሁ አንብቡት።

ከአዲስ አበባ፣ ጎተራ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የእንግሊዙን አሳሽ የካፒቴን ኩክን መርከብ፣ ኢንደቨርን፣ በ1:64 (ከእውነተኛዋ 64 ጊዜ አሳንሼ) እየሠራሁ ነው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ገላዋ አልቋል፣ ምሰሶዎቹም ቆመዋል። ችግሬ ምሰሶውን ከጎንና ከጎን የሚወጥሩትን ገመዶች ከታች የሚይዙት ብረቶች ናቸው። ከሽቦ አጥፌ ጫፉን በሊድ በየድኳቸው፣ ስገጥማቸው ጥሩ ነበሩ፣ ገመዱን መወጠር ስጀምር ግን አንድ በአንድ ተከፈቱ፣ በአንድ ማታ ሰባት ተበጠሱብኝ። ደግሞ ሳያቸው ወፍራም ናቸው፣ የበር ሰንሰለት የተሰቀለባት ነው የምትመስለው። ቀጭን የናስ ሽቦ ደግሞ እዚህ ማግኘት አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያልተበጠሱትንም ንቀላቸው። አውቃለሁ ያማል፣ ግን አሁን የያዘው ከስድስት ወር በኋላ ክረምት ገብቶ ገመዱ እርጥበት ሲስብና ሲወጠር ይለቃል፣ ያኔ ደግሞ ሸራው ሁሉ ተሰቅሎ ስላለቀ እጅህን የምታስገባበት ቦታ አታገኝም። እኔ በመጀመሪያዋ መርከቤ ላይ ይሄንኑ አይቻለሁ፣ የግራ ጎኗ ገመድ በሙሉ ላልቶ ምሰሶው ሲያዘነብል ከላይ ጀምሬ ሁሉንም ፈትቻለሁ፣ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

ብረቱን ከመሥራትህ በፊት ግን ምን እንደሚሠራ አስብበት። ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ሸራው ምሰሶውን ይገፋል፣ ምሰሶው እንዳይወድቅ ከጎን የወጠሩት ገመዶች ይጎትቱታል፣ ገመዶቹ ደግሞ ታች ያለችውን ባለሦስት ቀዳዳ ክብ እንጨት ይጎትታሉ፣ ሞዴል ሠሪዎች ዴድአይ የሚሏትን፣ እሷን የታቀፈው ብረት ነው ኃይሉን በሙሉ ወስዶ የመርከቧ ገላ ላይ በቦሎን የሚያሳርፈው። እና ይሄ ብረት ጌጥ አይደለም። በፈረንጆቹ 1760ዎቹ የእንግሊዝ መርከብ ላይ አንጥረኛው ቀለበቱን እሳት ውስጥ አግሎ ጫፍና ጫፉን በመዶሻ አዋህዶ ነው የሚዘጋው፣ ክፍት ቀለበት የሚባል ነገር የለም። ሞዴሉም ላይ ገመዱን በእውነት ትወጥረዋለህ አይደል? ስለዚህ ያንተም ቀለበት በእውነት የተዘጋ መሆን አለበት። ብረቱ ሥራውን ሲሠራ መልኩም አብሮ ይስተካከላል፣ እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉም በላይ የማምነው ይሄን ነው።

ውፍረቱ። ፎቶህን ሳየው 1 ሚሊ ሽቦ የተጠቀምክ ይመስለኛል። በ64 አባዛው፣ በእውነተኛዋ መርከብ ላይ 6.4 ሴንቲ ውፍረት ያለው ብረት ማለት ነው፣ የሰው አንጓ ሊያክል ምንም አልቀረው። ውፍረቱ 3.2 ሴንቲ የሆነ ብረት ብትወስድ ግን ለ64 ሲካፈል 0.5 ሚሊ ይመጣል፣ አይንህ "አዎ ይሄ መርከብ ነው" የሚለው እዛ አካባቢ ስትደርስ ነው። ሁልጊዜ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዘህ ማባዛት ልመድ፣ ዓይን ብቻውን ያታልላል፣ ቀጭን የሚመስልህ ሁሉ ቀጭን አይደለም።

0.5 ሚሊ ሽቦ ደግሞ ቤትህ አለ። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ ያሉት ስምንቱ ሽቦዎች ድፍን የሆነው ዓይነት ከሆነ ልክ 0.5 ሚሊ ገደማ ናቸው፣ የድሮ የስልክ መስመር ሽቦም 0.4 ወይ 0.5 ነው፣ ከጥገና ቤት ቁራጭ ለምነህ ታገኛለህ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፣ ርካሹ የኔትወርክ ኬብል ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። በምላጭ ፋቅ አድርገው፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተወው፣ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ እሳት ስታስነካው እጅህ ላይ ይጠፋል። እስከ ውስጥ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፣ እሱን ያዝ።

ከኬብል የወጣ ሽቦ ጠመዝማዛ ነው፣ አንዱን ጫፍ ሞርሳ ላይ አስረህ ሌላውን በፒንሳ ይዘህ ቀስ ብለህ ሳበው፣ ትንሽ እንደመለጠጥ ሲልህ አቁም፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይላል፣ ጠንከርም ይላል። ከዛ ማጠፊያ ፎርማ ሥራ። ጠንካራ እንጨት ላይ ሁለት ቀጭን ሚስማር ትተክልና ጭንቅላታቸውን ትቆርጣለህ፣ በመሃላቸው ያለው ርቀት የቀለበቱ ርዝመት ነው፣ ሽቦውን ዞሮ እስኪገጥም ትጠመጥመዋለህ። ዴድአይዋን የሚያቅፈው ላይኛው ክፍልና ከገላዋ ጋር በቦሎን የሚታሰረው ታችኛው ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ቢሆን ችግር የለም፣ መሃል ላይ ያለችው ቀለበት ግን በየቦታዋ ርዝመቷ ይለያያል፣ እና ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ለምን መሰለህ፣ ገመዶቹ ሁሉ ከምሰሶው አናት ነው የሚወርዱት፣ ከፊት ያለው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ወደ ኋላ በሄድክ ቁጥር ይጋደማል፣ ታች ያለው ብረት ደግሞ የገመዱን መስመር ሳይሰበር መቀጠል አለበት። ቀጥ አድርገህ ብትሰቅለውና ገመዱ ተጋድሞ ቢመጣ መርከብ የሚያውቅ ሰው ከሩቁ ያየዋል፣ ደግሞም ገመዱ ሲወጠር ቀለበቱን ወደ ጎን ይጠመዝዘዋል። ስለዚህ ከምሰሶው አናት ላይ ክር አስረህ፣ ከጎን በወጣችው ጠባብ ጣውላ ላይ ባለው ክፍተት አሳልፈህ፣ እስከ ገላዋ ድረስ ወጥረህ ነጥቡን በእርሳስ ምልክት አድርግ። ለእያንዳንዱ። ከዛ የእያንዳንዱን ርዝመት ለክተህ ቁጥር ስጠው፣ በቁጥሩ ሥራው።

አሁን ወደ ብየዳው። ሊድ መጥፎ ነገር አይደለም፣ ግን የሚይዘው ሰፊ ቦታ ላይ ተነባብሮ ሲበየድ ነው። የ0.5 ሚሊ ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኝ የሚነካካው ቦታ የአሸዋ ፍሬ ታክላለች፣ እሷን ይዞ ገመድ መወጠር አይቻልም። የሚያስፈልግህ የብር ብየዳ ነው። ፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች ጋ ሂድ፣ ከአንዱ ጋር ቁጭ ብለህ ሻይ ጠጥተህ "በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጠውን ብር መበየጃ ትንሽ ቁረጥልኝ፣ ቦራክስም ስጠኝ" በለው፣ ቦራክስ ብየዳው እንዲይዝ የሚቀባው ነጭ ዱቄት ነው። ከቻልክ ሲበይድ አንድ ሰዓት ተቀምጠህ እየው፣ በወረቀት እኔ ከምነግርህ የአንድ ሰዓት ማየት ይበልጣል፣ እነዚህ ሰዎች የጆሮ ጌጥ ላይ የሚሠሩት ብየዳ ካንተ ቀለበት የሚያንስ አለ።

ሕጉ አጭር ነው ግን አንዱም አይቀነስም። ሁለቱ ጫፎች መገናኘት አለባቸው፣ ብርሃን ማለፍ የለበትም፣ የብር ብየዳ ክፍተት አይሞላም። ንጹሕ መሆን አለበት፣ በጣትህ የነካኸው ቅባት እንኳን ይከለክላል። ቦራክሱን በውሃ እንደ ወተት አቅጥነህ በቀጭን ብሩሽ ቀባው። መበየጃውን እንደ ጤፍ አድቅቀህ ቆርጠህ አንድ ፍሬ ብቻ መገናኛው ላይ አስቀምጥ፣ ሁለት ካደረግክ ያብጣል። ከስሩ የደረቀ ከሰል አንዱን ጎን ጠፍጣፋ አድርገህ ፍቀህ አስቀምጥ፣ ሙቀቱን ይመልስልሃል። በትንሿ የጋዝ ቶርች መጀመሪያ ዙሪያውን አሙቀው፣ መበየጃውን አታሙቅ፣ ቀለበቱን ነው የምታሞቀው፣ ቀለበቱ ሲሞቅ መበየጃው ራሱ ብልጭ ብሎ ይገባል። ያቺን ብልጭታ እንዳየህ እሳቱን አንሳ። የዚህ መበየጃ መቅለጫ 700 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ መዳብ 1085 ነው፣ ስለዚህ ጊዜ አለህ። ናስ ግን 900 አካባቢ መቅለጥ ስለሚጀምር ቀጭን ሽቦ ላይ ያ ልዩነት በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያልቀው፣ ለዚህም ነው ለጀማሪ መዳብ ይሻላል የምለው፣ ናስ ባለማግኘትህ አትዘን።

ከእሳት ሲወጣ ጠቁሮ ቦራክሱም እንደ መስታወት ደርቆበት ነው። ሎሚ ጨምቀህ ለብ አድርገህ ውስጡ ተወው፣ ሲትሪክ አሲዱ ያነጻዋል፣ ዱቄት ሲትሪክ አሲድ ካገኘህ በፍጥነት ይሄዳል። በብረት መቆንጠጫ ግን አታውጣው፣ ብረት አሲዱ ውስጥ ሲገባ በአሲዱ ውስጥ ያለው መዳብ ሥራህ ላይ ይለጠፋል፣ የእንጨት ስንጥር ተጠቀም። ከዛ መገናኛውን ከዴድአይዋ ጎድጓዳ ጠርዝ ውስጥ አዙረህ ደብቀው። እሳት የነካው መዳብ ደግሞ ለስላሳ ስለሚሆን ከመግጠምህ በፊት ሁለት መርፌ ውስጡ አስገብተህ በቀስታ ሳብ ሳብ አድርገው፣ ይጠነክራል፣ ብየዳው ካልያዘም እዚሁ ጠረጴዛህ ላይ ይታወቃል፣ መርከቧ ላይ አይደለም። ከአስር አንዱ ይበጠሳል፣ ያን አስበህ ትርፍ ሥራ።

ከባሕር ዳር

የናስ ቀለበቶችና መንጠቆዎች ሠርቼ ማጥቆር ፈልጌ ነበር። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ያጠቁራል ሲሉ ሰምቼ በፌስታል አብሬ አስሬ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት፣ ምንም። ወንድሜ ደግሞ ቀለም ቀቢያቸው ይለኛል። የቱ ነው ትክክል?

እህቴ፣ ሰው የነገረሽ ውሸት አይደለም፣ ያልነገሩሽ ግን ለናስ አለመሆኑን ነው። ከተቀቀለው እንቁላል የሚወጣው ሰልፈር ያለበት ጋዝ መዳብና ብርን ያጠቁራል፣ ናስ ላይ ግን በጣም ደካማ ነው። መዳቡ ላይ ከሆነ ፌስታሉን አስረሽ ጥቂት ሰዓት ብትተዪው በሚያምር ሁኔታ ይጠቁራል፣ መጀመሪያ ቡናማ ከዛ ጥቁር፣ እንቁላሉ እንዳይነካው ብቻ በትንሽ ክዳን ላይ አድርጊው። ለናስ የሚሸጡት ማጥቆሪያዎች ብዙዎቹ ሴሌኒየም ያለባቸው ናቸው፣ እሱ መርዝ ነው፣ ጓንት አድርገሽ መስኮት ከፍተሽ ነው የምትሠሪው፣ የምግብ ዕቃም አይነካውም። ከተጠቀምሽ በተጣራ ውሃ አቅጥኚው፣ ሳይቀጥን ከገባ ቶሎ ይጠቁርና እንደ ጥቀርሻ በጣት ሲነካ ይረግፋል፣ ሲቀጥን በዝግታ ይይዛል፣ የያዘውም አይለቅም።

ቀለምን አልከለክልሽም። ትልልቁ ላይ፣ መልህቅ ላይ፣ መድፍ ላይ፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም በሁለት ቀጭን እጅ ያምራል፣ ጥርት ያለ ጥቁር ሳይሆን ወደ ግራጫ የሚያደላ ይሁን፣ በዚህ ስኬል ጥርት ያለ ጥቁር ዓይን ይወጋል። ትንሽ ቀለበት ላይ ግን ቀለም ውፍረት ይጨምራል፣ 0.5 ሚሊ ለማግኘት ተደክሞ ቀለሙ 0.7 ያደርገዋል፣ ቀዳዳዋም ይደፈናል። ስለዚህ ለትንንሾቹ ከናስ ይልቅ መዳብ ተጠቀሚና በእንቁላሉ አጥቁሪያቸው።

ከቴል አቪቭ

እኔም ኢንደቨር ነው የምሠራው። ሁለት ጥያቄ። መድፎቹን በቶርኖ ለማሠራት አስቤ ነበር፣ አሥር ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ ወይ? ሁለተኛ የገላዋን ታች መዳብ ላልብሳት እፈልጋለሁ፣ በጣም ነው የሚያምረው።

ሁለተኛውን ልቅደም። አታልብሳት። ኢንደቨር መዳብ አልነበራትም፣ ከታች ሁለተኛ የጣውላ ልባስ ነው የነበራት። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መዳብ ማልበስን የሞከረው በ1761 አላርም በምትባል መርከብ ላይ ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈትሿት መዳቡ ደህና ነበር፣ መዳቡን የነካው የብረት ሚስማር ግን በጨው ውሃው ውስጥ ተበልቶ አልቋል፣ ሚስማሩ ደህና ሆኖ የተገኘው መዳቡ የመጣበት ቡናማ ወረቀት በመሃል የቀረበት ቦታ ብቻ ነበር። ይሄን እስኪፈቱት ድረስ ዓመታት ወሰደባቸው፣ ሰፊው የባሕር ኃይል መዳብ የለበሰው ወደ 1780 አካባቢ ነው። ኩክ ደግሞ ጉዞ የጀመረው በ1768 ነው። ይሄ ታሪክ ላንተም ጠረጴዛ ይሠራል፣ ሞዴል ላይ መዳብ በብረት ስፒል አትምታ፣ እርጥበት ባለበት ከተማ ስፒሉ ይዝግና ቡናማ እንባ ይለቃል። መዳብ የለበሰች መርከብ መሥራት ከወደድክ ከ1780 በኋላ ያለችውን ምረጥ፣ ያኔ የአንዱ የመዳብ ሉህ ልክ 4 ጫማ በ14 ኢንች ነው፣ በ1:64 ወደ 19 ሚሊ በ5.6 ይመጣልሃል።

መድፎቹ። ቶርኖ ቤት በኮምፒውተር የሚቆጣጠሩት ማሽን ከሌለ አሥሩ በትክክል አንድ አይሆኑም፣ ግን ችግር አይደለም፣ የዘመኑም መድፎች ፍጹም አንድ አልነበሩም። ዋናው ፎርማው ነው፣ የመድፉን የጎን ቅርጽ ከቀጭን ላሜራ ቆርጠህ ለባለሙያው ስጠው፣ እያስጠጋ ይለካበት። ርዝመቱ 6 ጫማ የሆነ መድፍ በ1:64 28 ሚሊ ገደማ ነው፣ ባለ 4 ፓውንድ ጥይት መድፍ አፉ 8 ሴንቲ ገደማ ስለሆነ ያንተ ቀዳዳ 1.3 ሚሊ ይሁን። ቶርኖ ባታገኝም የናስ ዘንጉን በእጅ ድሪል ላይ አስረህ፣ ድሪሉን ሞርሳ ላይ ቆልፈህ፣ እየዞረ በሞረድ ልታወጣው ትችላለህ፣ አፍህንና ዓይንህን ሸፍን ብቻ።

ሁለት ነገር ግን አደራ። በጎንና በጎኑ ወጣ ያሉት፣ ሠረገላው ላይ የሚያርፍባቸው ሁለት ዘንጎች፣ በዛ ዘመን የእንግሊዝ መድፍ ላይ በመሃል ሳይሆን ዝቅ ብለው ነው የሚገቡት። መሃል ላይ ከበሳህ መድፉ ሠረገላው ውስጥ ሰምጦ ይቀመጣል፣ ሰው ምን እንደጎደለ ባያውቅም የሆነ ነገር እንደጎደለ ያያል። ሌላው የኢንደቨር መድፎች ብረት ናቸው፣ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ ናስ ሆነው መቅረት የለባቸውም። ስለነዚህ መድፎች አንድ ነገር ልንገርህ፣ በሰኔ 1770 በፈረንጆች አቆጣጠር መርከቧ አውስትራሊያ አጠገብ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ ተሰክታ ስትቀር እንድትቀል ብለው ስድስቱን መድፍ ወደ ባሕር ጣሏቸው፣ በ1969 ነው ከባሕሩ ወለል የወጡት፣ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላቸው አንድ ዓመት ሲቀረው። ስለዚህ ከሪፉ በኋላ ያለችውን ኢንደቨር የምትሠራ ከሆነ አራት መድፍ ብቻ ይበቃሃል፣ እኔ ብሆን እንደዛ ነው የማደርገው፣ ባዶዎቹ ቦታዎች ራሳቸው ይናገራሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እጄን ላለማስፈታት ብዬ መርከብ ጀመርኩ፣ የልጄ ልጅ የስምንት ዓመት ልጅ አብሮኝ ይሠራል። ከአንድ ያገለገለ ዕቃ ሽያጭ አሮጌ ሳጥን ሙሉ የመርከብ ብረቶች ገዛሁ፣ መልህቅ፣ መድፍ፣ ደወል አለው። ከባድ ናቸው፣ ለስላሳ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ላይ ግን እንደ ዱቄት ነጭ ነገር ወጥቶባቸዋል። በብሩሽ አራግፌ ብጠቀምባቸው ምን አለበት?

አባቴ፣ እባክዎ ዛሬውኑ ሳጥኑን ይዝጉት፣ ልጁም አይንካው። ያ ነጭ ዱቄት ሻጋታ አይደለም፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። በድሮ ጊዜ የሞዴል ብረቶች በብዛት የሚፈሰሱት ከእርሳስ ወይ እርሳስ ከበዛበት ቅልቅል ነው፣ እንጨት ደግሞ፣ በተለይ ኦክ፣ እንደ ኮምጣጤ ያለ አሲድ ያለበት አየር ቀስ በቀስ ይተነፍሳል፣ የተዘጋ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ያ አየር ተጠራቅሞ እርሳሱን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። አንዴ ከጀመረ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ከላይ ነጭ የሚታየው ትንሽ ቢሆንም ውስጡ እየተበላ ነው። በሙዚየም ያሉ ሞዴሎች ላይም ይሄ የታወቀ በሽታ ነው፣ መድፉ በቦታው እንዳለ ፈርሶ ዱቄት ይሆናል።

ስለዚህ አያራግፉ፣ ዱቄቱ አየር ላይ ሲወጣ ነው የሚጎዳው፣ ልጅ ላይ ደግሞ እርሳስ በትንሹም ጉዳት ያደርሳል፣ ጭንቅላቱን ነው የሚጎዳው። ጓንት አድርገው በወፍራም ፌስታል ከተው አስረው ከተማዎ አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ ያድርሱት። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉና ጨርቁንም አብረው ይጣሉት፣ የነካካችሁበትን እጅ በሳሙና ታጠቡ።

በምትኩ ከልጁ ጋር የሚሠሩትን ልንገርዎት፣ ይሻላል እንጂ አያንስም። መልህቁን ከእንጨት ይሥሩት። ጠንካራ፣ ጭረቱ የማይታይ እንጨት መርጠው ክንዱን በሞረድ አውጥተው፣ በደንብ አልስልሰው፣ በግራፋይት እርሳስ ዱቄት ያሹትና ያያሉ፣ ብረት አይደለም ብሎ የሚከራከር አይገኝም። ይሄ የጽሕፈት እርሳስ ደግሞ ስሙ እንጂ ውስጡ ያ መርዛማ ብረት የለውም፣ ልጁ በደህና ይሠራል። ማሸቱን ለእሱ ይስጡት፣ ልጆች ከእንጨት ብረት ሲወጣ ማየት በጣም ይወዳሉ። ብየዳ ሲያስፈልግም እርሳስ የሌለበትን፣ ቆርቆሮና ትንሽ ብር የተቀላቀለበትን ሊድ ይግዙ፣ ጥቅሉ ላይ ተጽፎ ያገኙታል።

ከስቶክሆልም

ቫሳ ሙዚየምን ካየሁ ጀምሮ የድሮዋን የስዊድን የጦር መርከብ ቫሳን በ1:75 እየሠራሁ ነው፣ ማሳለፊያ ሆኖልኛል ክረምቱን። የመሪዋን ማጠፊያዎች ከናስ ላሜራ ሠራሁ ግን መሪው አንዱ ሲገባ ሌላው አይገባም። ሁሉንም በአንድ ልክ ነው የቆረጥኳቸው።

ችግርሽ እራሱ "በአንድ ልክ" ያልሽው ነው እህቴ። የመርከቧ ገላ ከኋላ ላይ ወደ ታች በሄደ ቁጥር እየቀጠነ፣ ወደ ላይ እየሰፋ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ገላዋን የሚያቅፉት ክንዶች የእያንዳንዱ ማዕዘን ይለያል። ከናሱ በፊት ለእያንዳንዱ ከወፍራም ወረቀት ቅርጽ አውጪለት፣ ቁጥር ስጪው፣ ከዛ ናሱን በወረቀቱ ልክ እጠፊ። በእውነት 10 ሴንቲ ስፋት ያለው ብረት በ1:75 1.3 ሚሊ ነው፣ ላሜራው 0.3 ሚሊ ውፍረት ቢኖረው በቂ ነው። መሪው ላይ ያሉትን ዘንጎችና ዘንጎቹ የሚገቡባቸውን ገላዋ ላይ ያሉ ዓይኖች ለየብቻ አትግጠሚ፣ ሁሉንም ዓይኖች በአንድ ረጅም ቀጥ ያለ ሽቦ ላይ ሰክተሽ ሽቦው እንዳለ ገላዋ ላይ አጣብቂያቸው፣ ሲደርቅ ሽቦውን ሳቢው፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ይሆናሉ። መሪዋ ላይም ከእያንዳንዱ ዘንግ በታች ዘንጉ ከሚረዝመው ትንሽ የሚበልጥ ክፍተት ቁረጪ፣ መሪ ከቦታው የሚገባውም የሚወጣውም ወደ ላይ ተነስቶ ነው፣ ክፍተቱ ከሌለ በጭራሽ አይገባልሽም።

እዛ ስትሄጂ ደግሞ ብረቱን ሳይሆን የብረቱን ቦታ ተመልከቺ። ቫሳ በ1628 ሰጥማ በ1961 እስክትወጣ 333 ዓመት ውሃ ውስጥ ስትቆይ እንጨቷን የባልቲክ ባሕር ጨው ማነስ አትርፎታል፣ እንጨት በዪው የባሕር ትል እዛ አይኖርም፣ የብረት ቦሎኖቿ ግን ዝገው አልቀዋል። እንጨቱ ላይ የቀሩት ቀዳዳዎችና ጥቁር ምልክቶች ብረቱ የት እንደነበር ያሳዩሻል፣ ስኬች ደብተር ይዘሽ ሂጂ።

ከዱባይ

እኔ የምሠራው የፈረንጅ መርከብ አይደለም፣ ክሪኩ (የዱባይ የባሕር ወሽመጥ) ላይ የሚቆሙትን ዳው የሚባሉ የዓረብ የእንጨት መርከቦች እያየሁ ነው ያደግኩት ባልልም አሥር ዓመት አይቻቸዋለሁ፣ ሳንቡክ እየሠራሁ ነው። ብዙ ብረት የለውም፣ ሚስማሩ ግን በሺዎች ነው፣ እንዴት ላሳየው?

በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው የያዝከው፣ ሳንቡክ ማለት የቀይ ባሕር መርከብ ናት፣ ምጽዋም የምታውቃት። እነዚህ መርከቦች ላይ ሚስማሩ ከመመታቱ በፊት አንገቱ ላይ ዘይት የጠጣ ጥጥ ይጠመጠምበታል፣ ውሃ እንዳያስገባ፣ ስለዚህ የሚስማሩ ራስ ዙሪያ ጠቆር ያለ ክብ ይታያል። አንተ ሞዴል ላይ ማሳየት ያለብህ ያንን ክብ እንጂ የሚያብረቀርቅ ጭንቅላት አይደለም። የልብስ ስፌት ስፒል አትጠቀም፣ ውስጡ ብረት ነው፣ በዱባይ እርጥበት ይዝጋል። 0.5 ሚሊ ቀዳዳ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሳ፣ የመዳብ ሽቦ በትንሽ ሱፐር ግሉ ነክረህ አስገባ፣ ከእንጨቱ ጋር እኩል አድርገህ ቁረጥ፣ በሞረድ አስተካክለህ በብርጭቆ ወረቀት አልስልስ፣ መጨረሻ ላይ ገላዋን ዘይት ቀባት። መጀመሪያ በእርሳስ መስመር አስምር፣ በየጣውላው ሁለት ረድፍ፣ በየጎድኑ ላይ። መስመሩ ከጎድኖቹ ጋር ካልሄደ ሺህ ሚስማር ብትመታም ሚስማር አይመስልም፣ ስለዚህ ጎድኖቹ የት የት እንዳሉ ጣውላውን ሳታለብሳት በፊት ምልክት አድርገህ ፎቶ አንሳ። ከለበሰች ደግሞ ከጀርባዋ መብራት ይዘህ በክፍተቶቹ ፈልጋቸው።